ለቅሶ ያስጨፈረን ዘፈን

ወዳጆቼ፣ የፒያሳ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ለዚህ ምሽት "አንድ የድሮ ሸክላ ይዘህ ና፣ ትንሽም አውራበት" ስባል ጥላሁንን ወይም ብዙነሽን እንደማመጣ ሳይታሰብ አልቀረም። እኔ ያመጣሁት ግን የዲስኮ ቡድኑን የቦኒ ኤምን "ሪቨርስ ኦፍ ባቢሎን" ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም ስንቴ አፍሬበታለሁ።

ይህ ዘፈን የወጣው በ1970 ዓ.ም. ነው። መነሻው የጃማይካዎቹ የሜሎዲያንስ ሲሆን፣ የእነሱ ደግሞ በፈረንጆቹ 1970 ወጣ። ቁጥሩ አንድ፣ ልዩነቱ ስምንት ዓመት!

ቅሬታዬን ላስቀድም። መድረክ ላይ ሲወራጭ የምናውቀው ቦቢ ፋረል ሸክላው ላይ የለም፤ የወንዱን ድምፅ የዘፈነው ጀርመናዊው ፕሮዲውሰር ፍራንክ ፋሪያን ነው። ይሁን፣ ይሄስ ይታለፋል። የማያልፍልኝ ሌላ ነው። ሜሎዲያንስ "ኪንግ አልፋ" ብለው ዘፍነዋል፤ ራስ ተፈሪያን በዚህ ስም የሚጠሩት አፄ ኃይለ ሥላሴን ነው። ቦኒ ኤም ጋ ሲደርስ ይህ ወጥቶ "ጌታ" የሚል ገባበት። እኛ እዚህ ስንጨፍርበት፣ ንጉሡ ከዚህ ብዙም በማይርቀው ቤተ መንግሥት ግቢ ከመሬት በታች ነበሩ። አፅማቸው የወጣው በ1984 ዓ.ም. ነው።

አሁን ወደዚያች ሌሊት ልውሰዳችሁ። ሠራተኛ ሰፈር፣ አንድ ጓደኛችን ቤት። ሰዓት እላፊ ስለሆነ ፓርቲ የገባ ሰው ሳይነጋ አይወጣም። መስኮቱን በጋቢ ጋርደናል፣ ድምፁን ቀንሰናል። መርፌው እየዘለለ ስላስቸገረን ክንዱ ላይ ሃያ አምስት ሳንቲም በፕላስተር ለጥፈናል። ያለን አዲስ ሸክላ ይኸው አንዱ ነው፤ አስር ጊዜ ሳንደግመው አልቀረንም።

ሊነጋጋ ሲል የጓደኛችን አያት ሻይ ይዘው ገቡ።

"ይሄ ሌሊቱን ሙሉ የምትመላልሱት ምን ይላል?"

እንግሊዝኛ አውቃለሁ ባዩ እኔ ነበርኩ። "እማማ፣ ዳዊት እኮ ነው! በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ተቀመጥን፣ አለቀስን..." አልኳቸው።

ትሪውን አስቀመጡ። "ውስተ አፍላገ ባቢሎን" አሉ ለራሳቸው። መቶ ሠላሳ ስድስተኛውን መዝሙር በቃላቸው ነው የሚያውቁት። ቀና ብለው አዩን። "ታዲያ ይሄ ለቅሶ አይደለም እንዴ? ምኑ ያስጨፍራል?"

መልስ አልነበረንም። የእሳቸው ትንሹ ልጅ በቀይ ሽብር ተገድሏል። ድንኳን መጣል ቀርቶ ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ ተከልክሎ፣ ጎረቤት ያጽናናቸው በሹክሹክታ ነው። ይህን እያወቅን ነው እዚያ ቤት የጨፈርነው። ሃያ ዓመት ያልሞላው ሰው እንዲህ ነው መሰለኝ።

ሸክላውን ላነሳ እጄን ስዘረጋ "ተወው" አሉኝ። "ድገመው። ድምፁንም ከፍ አድርገው።"

ከፍ አደረግኩት። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ጓዳ ገቡ። ዘፈኑ እስኪያልቅ ማናችንም አልተንቀሳቀስንም። ሲያልቅ ከጓዳ "እንደገና" አሉ።

ማጫወቻው ዝግጁ ነው አሉኝ። መርፌው ቢዘል ሳንቲም ይዤ መጥቻለሁ።