የደላላው ኮሚሽን ትንሹ ወጪ ነው

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። አዘጋጆቹ ስለ አክሲዮን ግብይት ስልቶች እንድናገር ጠይቀውኛል፤ እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን ለዓመታት ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር ላውጣ።

እዚህ አሜሪካ የጡረታ ገንዘብ በሚያስተዳድር አንድ ድርጅት የግዢ ዴስክ ላይ እሠራ ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት አለቃዬ የአንድ መካከለኛ ኩባንያ 400,000 አክሲዮን እንድገዛ አዘዘኝ። ሲወስን ዋጋው 30 ዶላር ነበር። የመጀመሪያውን 20,000 እንዳነሳሁ ስክሪኑ ላይ የነበሩት ሻጮች ዋጋ ጨመሩ። ቆም ብዬ ጠበቅሁ፤ ስጠብቅ ሌሎች ቀደሙኝ። እህል በረንዳ ገብቶ «50 ኩንታል ጤፍ እፈልጋለሁ» ብሎ የጮኸ ሰው ሦስተኛው ሱቅ ሳይደርስ ወሬው ይቀድመዋል፤ እኔም የገጠመኝ ይኸው ነው። ረቡዕ ማታ ስጨርስ አማካይ ዋጋዬ 30 ዶላር ከ60 ሳንቲም ሆነ። ከ30 ዶላሩ በላይ የከፈልነውን አስሉት፤ 240,000 ዶላር! ለደላላው የከፈልነው በአክሲዮን 2 ሳንቲም፣ በድምሩ 8,000 ነው። ለጡረተኞቹ ቦርድ በቀረበው ሪፖርት የሰፈረው ይህ 8,000 ብቻ ነበር። ከሥሩ «ከየዕለቱ አማካይ ዋጋ በታች ገዝተናል» ይላል። አማካዩን ማን ሠራው? እኛው! ገፍተን ያስወደድነው ዋጋ መመስገኛችን ሆነ። ቀሪው ወጪ እንዲጻፍ ብጠይቅ «ማንም አልጠየቀንም» ተባልኩ። የጡረተኛ አስተማሪ ገንዘብ ነው እኮ!

መለኪያው ጠፍቶ አይደለም። የሃርቫርድ የፋይናንስ ምሁር የነበረው አንድሬ ፔሮልድ እ.ኤ.አ. በ1988 ጽፎታል፦ ውሳኔው ሲሰጥ የነበረውን ዋጋ ያዝ፣ ከከፈልከው ጋር አስተያይ፣ ሳይገዛ የቀረውንም ቁጠር። አሜሪካ ቋሚውን የደላላ ኮሚሽን በ1975 ካነሳች ወዲህ ኮሚሽን ረክሷል፤ ክርክሩ ግን ዛሬም እሱ ላይ ነው።

ስልቶቹን በአጭሩ ልበል። ትዕዛዝን ቆራርጦ ቀኑን ሙሉ መበተን አለ፤ ትልቅ ሻጭ ፈልጎ በአንዴ መጨረስ አለ፤ ትዕዛዝ በማይታይባቸው የግል መድረኮች መገበያየትም አለ። ብትቸኩል ዋጋውን ራስህ ትገፋለህ፣ ብትዘገይ ገበያው ጥሎህ ይሄዳል።

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። የተመዘገቡት ኩባንያዎች ገና ጥቂት ናቸው፤ በቀጭን ገበያ ትልቅ ትዕዛዝ ዋጋውን ይበልጥ ይገፋል። አገር ቤት ፈንድ ለማቋቋም የምታማክሩ እዚህ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። አንድ ገጽ የሪፖርት ቅጽ አዘጋጅቼ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። የመጀመሪያው መስመር «ውሳኔው ሲሰጥ የነበረው ዋጋ» ይላል።