ዳገቱን ተዉት፣ ስለ ቁልቁለቱ እናውራ

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ተራራ ስለሚሻገር የድንጋይ ከሰል ባቡር ነው። ፎቶ ለማንሳት የሚሄድ ሰው ሁሉ ዳገቱ ላይ ነው የሚቆመው፤ ሞተሩ ሲያጓራ ደስ ይላላ! እኔ ግን ከባዱ ቁልቁለቱ ነው ባይ ነኝ።

ዳገቱን ቶሎ እንጨርሰው። 100 ፉርጎ አስቡ። እያንዳንዱ ከነጭነቱ 130 ቶን ቢሆን በድምሩ 13,000 ቶን ነው። በየ100 ሜትሩ 2 ሜትር በሚወጣ መንገድ ላይ፣ የመሬት ስበት ብቻውን የ260 ቶን ክብደት ያህል ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ይህን ሁሉ ከፊት ብቻ ልጎትት ካላችሁ ፉርጎዎቹን የሚያያይዘው መንጠቆ ሊሰበር ይችላል፤ ለዚህ ነው ከኋላ የሚገፋ ሎኮሞቲቭ የሚጨመረው። መንኮራኩሩ መንሸራተት ሲጀምር ደግሞ ነጂው ሐዲዱ ላይ ደረቅ አሸዋ ይነፋል። አዎ፣ አሸዋ! ያ ሁሉ የፈረስ ጉልበት ይዞ እፍኝ አሸዋ ይለምናል።

ጫፉን ስታልፉ ያው 13,000 ቶን ዞሮ እናንተኑ ይገፋችኋል። ፍሬኑን ይዛችሁ ብትቆዩ ይግላል፣ መያዙም ይቀንሳል። ደጋግማችሁ ብትይዙና ብትለቁ ደግሞ፣ ፍሬኑ የሚሠራው በታመቀ አየር ነውና፣ አየሩ መልሶ እስኪሞላ ጊዜ ይፈልጋል፤ ባቡሩ መቼ ይጠብቃችኋል? ብልሃቱ መንኮራኩሩን የሚያዞረውን የኤሌክትሪክ ሞተር (ዲዝል ሎኮሞቲቭም ይህ አለው) ራሱን ፍሬን ማድረግ ነው። መንኮራኩሩ ሞተሩን ሲያሽከረክረው ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆናል፣ እሱን ማዞር ጉልበት ስለሚበላ ባቡሩ አደብ ይገዛል። የዘንድሮ ዲዝሎች ያን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ወደ ሙቀት ቀይረው አየር ላይ ይበትኑታል። ያንገበግባል፣ አይደል?

ለምን መሰላችሁ የሚያንገበግበኝ? በአሜሪካ፣ በምዕራብ ቨርጂኒያ፣ ኖርፎክ ኤንድ ዌስተርን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1915 ኤልክሆርን የሚባለውን ዳገት ኤሌክትሪክ አስገብቶለት ነበር። ባለ አንድ ሐዲዱ ዋሻ ውስጥ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮቹ ጭስ መከራ ሆኖበት ነው። ታዲያ የሚወርደው ባቡር ያመነጨው ኤሌክትሪክ ከሐዲዱ በላይ ወደተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ ይመለስና የሚወጣውን ያግዛል። ወራጁ ወጪውን ይረዳዋል ማለት ነው!

በ1950 ዳገቱን ያቀለለ፣ ባለ ሁለት ሐዲድ አዲስ ዋሻ ተከፈተ። ሽቦውም ተነሳ። በቦታው ናፍጣ መጣ ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል፤ የተመለሰው እንፋሎት ነው። ኩባንያው ሎኮሞቲቮቹን ሮአኖክ በሚገኘው በራሱ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው፣ እስከ 1960ም በእንፋሎት ሲጎትት ቆየ። የቁልቁለቱ ጉልበትም ከዚያ በኋላ ወደ ሽቦ መግባቱ ቀርቶ የፍሬን ሸራ ሲያግል ዋለ።

በሉ፣ አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።