ግራ እግር አሁንም የለም

እሺ። እየቀዳ ነው መሰለኝ። አዎ፣ ቀዩ በርቷል። ድምፄ ከተንቀጠቀጠ ብርድ ነው፣ ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ። ደብረ ብርሃን በኅዳር፣ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ጠዋት ባልዲው ላይ የተጋገረውን በረዶ በጭልፋ ሰብሬ ነው ፊቴን የታጠብኩት።

"የጀመርሽው የሹራብ ካልሲስ?" ለምትሉኝ፣ ቀኙ አልቋል። ግራው አሁንም የለም። ሳቁ፣ ሳቁ። ባለ አንድ እጁ ሹራብም እዚያው ቅርጫቱ ውስጥ ነው፤ እሱን ዛሬ አናነሳውም።

ቀኙን ሦስቴ ተርትሬዋለሁ። ጉዱ ያለው ተረከዙ ላይ ነው። እስከ ቁርጭምጭሚት ማንም ይሠራዋል፤ ሽቦው ላይ 48 ዓይን፣ ማለት የክር ቀለበት፣ ይዞ መዞር ነው። ተረከዝ ላይ ስትደርሺ ግን ግማሹን፣ 24ቱን ብቻ ይዘሽ ወዲያ ወዲህ ትመላለሻለሽ። ቁመቱ ሲበቃሽ 14 ትሠሪና ሁለቱን ዓይን አንድ ላይ፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ገልብጠሽ ትመለሻለሽ። ረድፉን ሳትጨርሺ! ጭንቅላቴ እምቢ ያለው ይሄን ነው። ያልተሠሩ 7 ዓይኖች ሽቦው ላይ ተደርድረው እያዩሽ ጥለሻቸው ትዞሪያለሽ። ከዚያ በየምላሹ አንድ አንድ እየለቀምሽ፣ 14 ሲቀርሽ፣ ጨርቁ በራሱ ጎድጎድ ይላል። ስኒ ይመስላል። ሲሳካልኝ አውራ ጣቴን ከትቼበት ብቻዬን ስስቅ ነበር። ሌሊት ስምንት ሰዓት።

ለማንኛውም። ክሩ የእምዬ ነው፣ ከመንዝ መሐል ሜዳ። የመንዝ በግ ፀጉር ያሳክካል፤ ለስላሳው መሃል ሸካራው ፀጉር አብሮ አለ። ባና፣ ያ ወፍራሙ ብርድ ልብስ፣ ሲሆን ማንም አያማርርም፣ ካልሲ ሲሆን ግን... እኔ እወደዋለሁ። ገና ቅባቱ እጅ ላይ ይቀራል። አንድ ጊዜ በሙቅ ውሃ አሽቼ አጥቤው ተኮማትሮ የአሻንጉሊት ኮፍያ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። እምዬ ሹራብ ሠርታ አታውቅም። እሷ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ትፈትላለች፣ ባናውን የሚሸምኑት ወንዶቹ ናቸው።

ባለፈው ሳምንት በጣርማበር በኩል ከመንዝ ወርዳ መጣች። ቡና እየተፈላ ነው። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ካልሲውን ሰጠኋት። አላየችውም። ፊቷ ወደ መስኮቱ ነው። አውራ ጣቷ ግን ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ይወርዳል። ወረደ፣ ወረደ፣ ከተረከዙ በላይ አራት ጣት ሲቀረው ቆመ።

"እዚህ ጋ ምን ነክቶሽ ነው? ክሩን አንቀሽዋል።"

ልቤ ቀጥ አለ። ያቺ ቦታ በሰኔዋ ሳምንት የሠራኋት ናት። ሁለት ክፍል ሙሉ አውርቼበታለሁ፣ አልደግመውም። በዓይን አይታይም፤ እኔ ራሴ ብርሃን ላይ ዘርግቼ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። "ስልክ እያወራሁ ስለነበር ነው" አልኳት። ዋሸሁ። "እህ" አለች። ያቺን "እህ" አባባሏን ታውቃላችሁ።

አውራ ጣቷ ተረከዙን አለፈ። ጣቶቹ ጋ ሲደርስ እንደገና ቆመ። ክሯ ስላለቀብኝ ጫፉን በሱቅ ክር ነበር የጨረስኩት።

"ይሄ የኔ አይደለም።"

"አዎ፣ አልቆብኝ ነው።"

"ጥቁር ጨመርሽበት?"

እኔ ሳቅሁ። ቀልድ መሰለኛ! እንደ በርበሬ የቀላ ክር ነው። ቡናው ገነፈለ፣ ተነሳሁ፣ ወሬው ወደ ሰርጉ ሄደ።

ይሄን ክፍል ስለ እጇ ልሠራው ነበር ያሰብኩት። ርዕስ ሁሉ አውጥቼለት ነበር። እምዬ በጣቷ ሰኔን አነበበችው፣ ምናምን። ማታ ስኒ ሳጥብ ግን... ጥቁር? ቀዩን ነው ጥቁር ያለችው? ደግሞስ ለምንድን ነው መስኮቱን ስታይ የነበረው?

ምናልባት ቀኑ ደመና ስለነበረ ይሆናል። ምናልባት እያሾፈችብኝ ነው፤ እምዬ ታሾፋለች፣ ፊቷ ሳይንቀሳቀስ። ክሯም ያው ነው። እንደ ድሮው እኩል፣ ቀጥ ያለ። ግን መፍተል ዓይን ይፈልጋል እንዴ? ጨለማ ውስጥ ስትፈትል ነው ያደግኩት። ሞራ ከሆነ ይገፈፋል፣ አውቃለሁ። ግን መጀመሪያ አይታይሽም ብሎ ማን ይነግራታል? እኔ? ስለ ሰኔ እንኳን እውነቱን ያልነገርኳት?

ያቺን ቦታ ልተርትራት ብዬም ነበር። ከተረተርኩ ተረከዙም ይሄዳል። አራተኛ ጊዜ። ደግሞ ያቺ ቦታ ባትኖር ይሻላል ወይስ... ተዉት።

ትናንት ደወልኩላት። ስለ ውርጩ አወራችኝ፣ ባቄላውን መትቶታል። ለግራው እግር ክር እየፈተለችልኝ ነው።

"ስትጨርሺው አምጪልኝ፣ ልየው" አለች።

ልየው። እኔም "እሺ" አልኩ። ቀለሙን ልጠይቃት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን የሷ ክር ያው የበጉ ቀለም ነው፣ ምን ብዬ... ቆይ፣ በር እየተንኳኳ ነው። ቆዩኝ።