ከጎንደር ልውጣ ወይስ ልጠብቅ? (ለአዲስ ተመራቂ ነርሶች)

[ምስል፡ ጎንደር ፒያሳ፣ ጠዋት። ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ፋይል ይዘው የቆሙ ወጣቶች]

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው በነርሲንግ ተመርቃችሁ፣ ኤግዚት ኤግዛሙን (የመውጫ ፈተናውን) አልፋችሁ፣ ሙያ ፈቃዳችሁን ይዛችሁ ቤተሰብ ቤት ቁጭ ላላችሁት ነው። ሁላችሁም የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፣ ስራ ለማግኘት ከጎንደር ልውጣ ወይ? መልሴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አዎ ውጡ፣ ግን ዝም ብሎ ወደ አዲስ አበባ ሳይሆን ክፍት መደብ ወዳለበት ወረዳ፣ እዛም ማታ አብሯችሁ ተረኛ የሚሆነው ማን እንደሆነ ሳታጣሩ እንዳትፈርሙ።

ጎንደር ለምን ከበደች? ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ያስመርቃል፣ የግል ኮሌጆቹም ያስመርቃሉ፣ ሁሉም ደግሞ አይኑን የሚጥለው ያው ሪፈራል ሆስፒታሉ ላይና ከተማው ውስጥ ባሉት ጤና ጣቢያዎችና ክሊኒኮች ላይ ነው። «የስራ ልምድ 0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ በነጋታው ያለውን ሰልፍ ያየ ያውቀዋል።

[ምስል፡ የደምቢያ ሜዳ]

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔ ሳውቀው ብዙ ነገር ስለገባኝ ነው። ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጁ የተከፈተው እንደ ፈረንጆቹ በ1954 ነው፣ ጎንደር አጠገብ ደምቢያ ላይ ወባ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ። ያኔ የሚያሰለጥነው የጤና መኮንን፣ የማህበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን (የአካባቢ ጤና ባለሙያ) ነበር፣ በቡድን ሆነው ገጠር እንዲሰሩ። ማለት ጎንደር ነርስ ማስተማር ስትጀምርም የምታስተምረው ለራሷ ብቻ አልነበረም፣ ስለዚህ ተምሮ ወደ ወረዳ መውጣት እንደ ውድቀት የሚታይበት ምክንያት ለኔ አይገባኝም።

እሺ፣ ወረዳ ላይ ስራው እንዴት ነው የሚገኘው? የመንግስት በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ወረዳዎቹም በጀታቸው ሲጸድቅ ነው ክፍት መደባቸውን ማውጣት የሚጀምሩት። ማስታወቂያው ወረዳው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍና ብዙ ጊዜ «ለ5 ተከታታይ የስራ ቀናት» ወይ «ለ10» ይላል፣ ምዝገባው በአካል ነው፣ ዋናውንና ኮፒውን ይዞ። እናንተ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ቁጭ ብላችሁ ቴሌግራም ስትጠብቁ እዛ አምስቱ ቀን አልቋል። ስለዚህ ከክረምቱ ጀምሮ ደባርቅም ሆነ መተማ ወይ ደብረ ታቦር አካባቢ የምታውቁት ሰው ካለ፣ ሰሌዳውን ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ለምኑት፣ የአክስት ልጅም ይሁን የክላስ ጓደኛ፣ ይሄን ነገር አትናቁት፣ ብዙ ሰው ስራ ያገኘው በዚህ ነው።

[ምስል፡ አውቶቡስ ተራ]

አዲስ አበባን ለምን አትሂዱ እንደምል ከራሴ ልንገራችሁ። እኔ እንደተመረቅሁ የሄድኩት አዲስ አበባ ነበር፣ ደብዳቤ ሳይኖረኝ፣ ዘመድ ቤት እያደርኩ ደጅ ስጠና ከረምኩና አንድ የግል ክሊኒክ ተቀጠርኩ። ዶክመንቴን ኦርጅናሉን ተቀበሉኝ፣ ደሞዝ ስጠይቅ ሁልጊዜ «ገና ሙከራ ላይ ነሽ» ነው፣ ከአራት ወር በኋላም ሙከራ ላይ ነሽ። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የስራ ቀን መብለጥ እንደማይችል ያወቅሁት ከወጣሁ በኋላ ነው። እናንተ አሁኑኑ እወቁት፣ ኦርጅናል ዶክመንትም አሳዩ እንጂ ለማንም አስይዛችሁ አትሂዱ። ያ ክሊኒክ ውስጥ የሰራሁት ደግሞ በአብዛኛው ካርድ ማውጣትና መርፌ መውጋት ነበር፣ እጄ አልተፍታታም።

እጄን ያፍታታሁት ቆላ ነው። ወደ መተማ መስመር አንድ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ፣ በሁለተኛው ሳምንት ናይት ላይ ነኝ፣ አባት ልጁን ተሸክሞ ገባ፣ ትኩሳት፣ እያንዘፈዘፈው፣ መንገዱ ማታ ስለማይኬድ ሪፈር ብሎ ወደ ሆስፒታል ወዲያው መላክ የለም። እኔ እጄ ይንቀጠቀጣል። አብራኝ የነበረችው ሲስተር፣ ትልቅ ሰው ናት፣ አልጮኸችብኝም፣ «መጀመሪያ ስኳሩን እይ፣ ከዛ መዝኚው» አለችኝ። ለከባድ ወባ በመርፌ የሚሰጠው አርቴሱኔት በባይካርቦኔት ሟሙቶ በኖርማል ሳላይን እንደሚቀጥን ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፣ ፈተናም መልሼዋለሁ፣ ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ በኪሎ 3 ሚሊግራም እንደሆነም አውቃለሁ፣ ግን ልጁ እፊታችሁ ሆኖ ስታሰሉት ሌላ ነገር ነው። አብራኝ አሰላችው፣ ሰጠነው፣ ከዛ በ12ኛው ሰዓት ደገምነው፣ ከዛ በ24ኛው። በሁለተኛው ቀን ልጁ ተቀምጦ ጠጣ። እኔ ነርስ የሆንኩት የዛን ሌሊት ነው ብዬ ነው የማምነው።

አንድ የክላስ ጓደኛዬ ደግሞ በዛው ዓመት ሌላ ወረዳ ተቀጥሮ ናይት ላይ ብቻውን ይተዉት ነበር፣ ከጥበቃው በቀር ሰው የለም። አንድ ሌሊት የሆነበትን ነገር እስከዛሬ ሙሉውን አልነገረኝም፣ ሙያውን ትቶ አሁን ሱቅ ነው የሚሰራው። ጎበዝ ተማሪ ነበር፣ ከኔ በጣም የሚሻል። ሁለታችንም ከጎንደር ወጥተናል፣ እኔ ጋር ሲስተር ነበረች እሱ ጋር አልነበረችም፣ ልዩነታችን ይቺ ነች።

ጤና ጣቢያ ብዙ ያስተምራል፣ ኦፒዲ (ተመላላሽ ህክምና) ትሰራላችሁ፣ ክትባት፣ ቲቢ፣ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ሁሉንም ትዞሩበታላችሁ። ግን ልባችሁ አይሲዩ (ጽኑ ህሙማን ክፍል) ወይ ኦፕሬሽን ክፍል ላይ ከሆነ እዛ አታገኙትም፣ ደባርቅ ወይ ደብረ ታቦር ያሉትን ሆስፒታሎች መጀመሪያ ሞክሩ። ወደ ውጭ ሀገር ለምታስቡትም ቢሆን እነሱም አብዛኛውን ጊዜ ልምድ ነው የሚጠይቁት። የታመመ እናት ወይ አባት የምታስታምሙ ግን ማንም «ውጡ» ቢላችሁ አትስሙ፣ ጎንደር ውስጥ ደሞዙ ትንሽም ቢሆን በሽተኛ የሚበዛበት ክሊኒክ ፈልጋችሁ ጀምሩ።

[ምስል፡ ስልክ የያዘ እጅ]

መንገዱን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ክልላችን ውስጥ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ባለው ግጭት ትናንት የሚኬድበት መንገድ ዛሬ ላይኬድ ይችላል፣ ካርታ ላይ ቅርብ መሆኑ ምንም ማለት አይደለም፣ በዛው ሳምንት የተጓዘ ሰው ጠይቁ፣ በተለይ ሴቶች እህቶቼ ማደሪያው ከጤና ጣቢያው ምን ያህል እንደሚርቅና ማታ ማን እንደሚያደርሳችሁ ሳታውቁ ሻንጣ አትሸክፉ። ቆላ ከሆነ የበረሃ አበል መኖሩን፣ መልቀቂያ ስትጠይቁ ስንት ዓመት ማገልገል እንዳለባችሁ፣ ይሄንንም ቅጥር ላይ ጠይቁ፣ ሲያፍሩ ነው ሰው የሚጎዳው።

ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ እዛ ጤና ጣቢያ የምትሰራ አንዲት ነርስ ስልክ ፈልጉ። ቀን አትደውሉላት። ማታ ሶስት ሰዓት ላይ ተረኛ ስትሆን ደውሉላትና «ሲስተር፣ ዛሬ ስንት ሆናችሁ ነው የምታድሩት?» በሏት።