የፏፏቴው ወራትና የፈረሱ ወራት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ይህን ክፍል የምቀዳው ከድሬዳዋ ስለሆነ፣ ርእሱን ስትሰሙ «በዚህ ሙቀት የምን ፈረስ፣ የምን ፏፏቴ ነው?» እንደምትሉ እገምታለሁ። የዛሬው ጉዳዬ በፈረስ ተጉዞ ፏፏቴ የማየት ጉዞ ነው። በዚህ ጉዞ ላይ ማንም አስቀድሞ የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ፤ ውኃው የሚያምርበት ወቅትና መንገዱ ለፈረሱ የሚመችበት ወቅት አይገጥሙም። ተጓዡ ወደደም ጠላም ከሁለቱ ለአንዱ ማድላቱ አይቀርም፤ እኔ ለፈረሱ አድልቻለሁ።

ውኃ በወቅት እንደሚገዛ ለድሬዳዋ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በከተማችን መካከል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ሰው በእግሩ የሚያቋርጠው ደረቅ አሸዋ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በሌሊት ከደጋው የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፎብናል። ስለዚህ «ክረምት ላይ ብትመጣ ፏፏቴው ግሩም ነው» ስባል በመጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ውኃው ብዛት ሳይሆን ስለ መንገዱ ነው። ፈረስንም ቢሆን የእኔ ትውልድ የሚያውቀው ባጃጅ ቦታውን ሳይወርሰው በፊት በከተማችን ሰፈሮች በከዚራና በመጋላ ጋሪ ሲጎትት ነው። ጋሪ ላይ ተቀምጦ የፈረስን ጀርባ ማየትና ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ያ ጀርባ ሲሠራ በጭን መስማት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ለነገሩ አካባቢያችን ለፈረስ ባዳ አይደለም። ሐረርጌን ያስተዳድሩ የነበሩት ራስ መኮንን በፈረስ ስማቸው አባ ቃኘው ይባሉ ነበር፤ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። የፈረስ ስም ባሕር ተሻግሮ እስከ ኮሪያ የዘለቀበት አገር ልጆች ሆነን ሳለ፣ ዛሬ ኮርቻ ላይ ስንወጣ እንደ ጆንያ መቀመጣችን ይገርመኛል።

እኔ የሄድኩት ወደ ባሌ ነው፤ ከዲንሾ ተነሥቶ በዌብ ሸለቆ በኩል ወደ ፊንጫ ሀበራ ፏፏቴ። ሐሩር ክልል ሲባል ብዙዎቻችን ዘንባባና ወበቅ ብቻ ይታየናል፤ ነገር ግን አገራችን ከዳር እስከ ዳር በሐሩር ክልል ውስጥ ስለሆነች፣ በሌሊት ውርጭ የሚጥልበት የባሌ ከፍታም በዚሁ ክልል ይቆጠራል። የዌብ ወንዝ ከዚህ ደጋ ወርዶ የሶፍ ዑመርን ዋሻ አቋርጦ ወደ ቆላው ይዘልቃል። በፊንጫ ሀበራ ስም የሚጠራ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ የዋሻ መጠለያም አለ። ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት ጥናት መሠረት፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች እየተመላለሱ ኖረውበታል፤ ከምግባቸውም ዋነኛው ያካባቢው ግዙፍ ፍልፈል ነበር። ከድሬዳዋ፣ ከ1,200 ሜትር ገደማ፣ የመጣ ሰው በዚያ ከፍታ ላይ ሃምሳ እርምጃ ሳይራመድ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው ተረት እዚያ ላይ የመጀመሪያ ግማሹ ብቻ እንኳ በቂ ነው።

ጉዞዬ ዝናቡ ገና ሙሉ በሙሉ ባልወጣበት በጥቅምት ነበር። በባሌ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ ከፍ ዝቅ እያለ እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ፣ ፏፏቴው በዚያ ወቅት ሙሉ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ጭቃ ነው። ባለፈረሱ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። እኔ በሐረርጌ ኦሮምኛ፣ እሳቸው በባሌው፣ ያለ ችግር ተግባባን። ከመነሣታችን በፊት ኮርቻውን አንሥተው፣ ከሥሩ የሚነጠፈውን ጨርቅ አራግፈው፣ መዳፋቸውን ከጋማው ሥር እስከ ወገቡ ድረስ በፈረሱ ጀርባ ላይ ቀስ አድርገው አሳለፉ። ቁስል ወይም እብጠት ካለ ፈረሱ ቆዳውን ያንቀጠቅጣል፤ ያኔ አይጫንም። ይህ ፍተሻ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ እንግዳው ግን በዚያች ደቂቃ አብዛኛውን ጊዜ ስልኩን እየነካካ ነው። እርጥብ ጨርቅ ከኮርቻ ሥር ሲፋተግ ቆዳውን ይልጠዋል፤ የዝናብ ወቅት ለፈረስ የሚከፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሌላው ምክንያት ሰኮናው ነው። ወደ ወንዙ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ፈረሱ ቆመና አንገቱን ዝቅ አድርጎ ድንጋዩን አሸተተ፤ ከዚያም የፊት እግሩን አንሥቶ ድንጋዩን ነካ አደረገና መልሶ አነሣው። እኔ በተረከዜ ልነካው ስል ሽማግሌው ልጓሙን ያዙና እንድወርድ ነገሩኝ። ወረድኩ፤ ፈረሱም ሸክሙ እንደቀለለለት ራሱ መንገዱን መርጦ በጎን በኩል ዞሮ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ቁልቁለት ሁሉ በእግሬ ነው የወረድኩት።

የክብደትም ጉዳይ አለ። ብዙ የፈረስ ባለሙያዎች ፈረስ ኮርቻውን ጨምሮ ከራሱ ክብደት አምስተኛ እጅ ያልበለጠ እንዲጫን ይመክራሉ። የአገራችን የደጋ ፈረስ ቁመቱ አጭር፣ አካሉም ቀላል ነው። 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በዚህ ስሌት የሚችለው 50 ኪሎ ሲሆን፣ እኔን ከነኮርቻው ለመሸከም ግን ከ400 ኪሎ በላይ የሚመዝን ፈረስ ያስፈልጋል፤ የባሌ ሰው እንዲህ ያለ ፈረስ ከየት ያመጣል? ለጊዜው ያገኘሁት መልስ ሜዳውን በፈረስ፣ ዳገቱንና ቁልቁለቱን በእግር መሄድ ነው። ትንፋሽ እያጠረም ቢሆን።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ በሳማና ልሳነ ምድር ወደ ሳልቶ ኤል ሊሞን ፏፏቴ የሚወስደው የፈረስ ጉዞ እጅግ የታወቀ ነው፤ እዚያም ፈረሶቹ ከላይ ይቆማሉ፤ የመጨረሻውን ቁልቁለት ጎብኚው በእግሩ ይወርዳል። በኮስታ ሪካ፣ በአሬናል እሳተ ገሞራ አቅራቢያ የሚገኘው 70 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የላ ፎርቱና ፏፏቴም ወደ 500 የሚጠጉ ደረጃዎች ስላሉት ፈረስ እስከ ሥሩ አያደርስም። ይህ ሥርዓት ደስ ይለኛል። የማልወደው የማስታወቂያ ፎቶዎቹን ነው፤ ፈረሱ ሁልጊዜ ደረቅ ነው፣ መንገዱ ሁልጊዜ ደረቅ ነው፣ ፏፏቴው ግን ሁልጊዜ እንደ ሞላ ነው። ሦስቱን በአንድ ቀን ያገኘ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው።

ስለዚህ ወደ ባሌ ለምትሄዱ የምመክረው ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ነው። ውኃው ይቀጥናል፤ አልዋሻችሁም። ፎቶውም ያን ያህል አያስደንቅም። ነገር ግን መሬቱ ይጠነክራል፣ ከኮርቻው ሥር ያለው ጨርቅ ደርቆ ይውላል፣ ፈረሱም ሜዳው ላይ ሳይለመን በሶምሶማ ይሄዳል። ወፍራም ልብስ አትርሱ፤ ሰማዩ ጥርት ባለ ቁጥር ሌሊቱ ይከፋል።

በመጪው ኅዳር ከድሬዳዋ ጓደኞቼ ጋር እንደገና ለመሄድ አስበናል። ከመካከላችን አንዱ ከእኔም ስለሚከብድ፣ ባለፈረሱን በስልክ አነጋግረን ለእሱ ሁለት ፈረሶች እንዲዘጋጁና እያፈራረቀ እንዲቀመጥ ተስማምተናል፤ የሁለተኛውን ፈረስ ኪራይ ማን እንደሚከፍል ግን ገና እየተከራከርን ነው።