በምን አረጋገጠ?

እሺ፣ መቅዳት ጀምሯል። ምክትል አዘጋጃችን፣ የጎረቤት አውራ ዶሮ፣ ሥራ ገብቷል። ትሰሙታላችሁ።

ዛሬ የእማዬ ነገር ነው። አስሟ።

ወጣቱ ሐኪም ካርዷን አገላብጦ አየና፣ «እናቴ፣ አስም ነው ያለዎት ማን ነበር?» አላት። «ሐኪም ነዋ!» «በምን አረጋገጠ?» እማዬ ዝም። እሷ ዝም! ታውቋታላችሁ እኮ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «በማዳመጫው ነዋ ልጄ፣ በምን ሊያረጋግጥ ኖሯል?» አለች። እኔ ሳቄ መጣ። እሱ አልሳቀም።

ያ ዝምታ ነው ያልለቀቀኝ። ደረቷ ሲጥ ሲጥ አለ፣ ፓፍ፣ ያ በአፍ የሚሳበው መድኃኒት፣ ተጻፈላት፣ አለቀ። ጤና ጣቢያው ደጅ ያ ሁሉ ሰው ተሰልፎ በምን ይለዩት? አልፈርድም። እ... ትንሽ እፈርዳለሁ።

ደግሞ አዘዞ እያለን ዕድሜዋን ሙሉ በእንጨት ነው የጋገረችው። ጭሱም ከአስም ጋር የሚምታታ የሳንባ በሽታ ያመጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ስላት «እንጀራው ዓይን አያወጣም» ትላለች። መብራቱስ መቼ ይቆያል? እሱን ተዉት።

ብቻ ወጣቱ ሐኪም የትንፋሽ መለኪያ ውስጥ አስነፋት። ስፓይሮሜትሪ ይሉታል። «ይንፉ፣ ይንፉ፣ አያቁሙ!» የአየር ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት፣ ሳልቡታሞል፣ ሰጥቶ፣ ሩብ ሰዓት አስጠብቆ፣ እንደገና። በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣው አየር ቢያንስ በ12 በመቶና በ200 ሚሊ ሊትር ከጨመረ ወደ አስም ያጋድላል። የእሷ ያን ያህል አልጨመረም።

«ታዲያ የለባትም?» አልኩት።

«እንደዚያ አላልኩም።» አስም ይመጣል፣ ይሄዳል። በደህና ቀን ስትነፋ ላይታይ ይችላል።

እኔ ደግሞ ማታ ቁጭ ብዬ ሳነብ፣ በ2017 በፈረንጆቹ የወጣ የካናዳ ጥናት አገኘሁ። ሐኪም አስም አለባችሁ ያላቸውን 613 አዋቂዎች መድኃኒቱን እየቀነሱ ደጋግመው መረመሯቸው። በ203ቱ ላይ አስም አልተገኘም። አንድ ሦስተኛ! ደነገጥኩ። ግን ጥቂቶቹ በፊት በምርመራ የተረጋገጠላቸው ነበሩ፤ አስሙ ለቋቸው ይሆናል። ስለዚህ ያኛው ሐኪም ተሳስቷል ልበል? ወይስ...

እማዬ ለፓፉ ስም አውጥታለታለች፤ «ሐሰተኛ ምስክር»። ሳቅሁ፣ ከዚያ ፈራሁ። በገዛ እጅሽ እንዳታቆሚው ብያታለሁ። ከቦርሳዋ አልወጣም፣ አይቻለሁ።

ሲብስባት አምጣትና ትንፋ ብሎኛል። የሚብስባት ደግሞ ሌሊት ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የት ወስጄ ነው የማስነፋት? ማለቴ፣ ጠዋት ስንደርስ ደግሞ ደህና ሆና...