የመክፈቻ ንግግር፦ ስለ ሁለተኛው ዙር

የተከበራችሁ የጥርስ ንጽህና ባለሙያዎች ማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ። ለአዘጋጅ ኮሚቴው ምስጋናዬ የላቀ ነው። የሥራ ሪፖርቱ በእጃችሁ ስላለ አላነበውም። ከትምህርት ቤቶች ጋር ተፈራርመናል፣ የነፍሰ ጡሮች ክትትል ክፍሎች በር ከፍተውልናል፣ ለአረጋውያን ተንከባካቢዎች ሥልጠና ሰጥተናል። ልንኮራበት ይገባል።

አሁን ዓመቱን ሙሉ ወዳከራከረን ጉዳይ ልግባ። አንድ ጊዜ ብቻ ፍሎራይድ ቫርኒሽ፣ ማለትም ጥርስ ላይ የሚቀባ መከላከያ ቅባት፣ የተቀባ ልጅ "አገልግሎት ያገኘ" ተብሎ ይቆጠር ወይ? የእኔ መልስ አይቆጠርም ነው። ቫርኒሽ ጥርስን ከመቦርቦር የሚከላከለው በየሦስት ወይም በየስድስት ወሩ ሲደገም ነው። በመጀመሪያው ቀን ባነርም ካሜራም አለ፣ አባላትም እንጎርፋለን። ሁለተኛው ዙር ሲደርስ ግን ስልክ የሚያነሳ ይጠፋል።

ለምን እንደሚከሽፍ እናውቀዋለን። የወላጅ ፈቃድ ለአንድ ቀን ብቻ ተወስዷል። የልጆቹ ዝርዝር በአንድ አባል ቦርሳ ውስጥ ቀርቷል። ክፍል ሲቀየር ማን እንደተቀባ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ቅጹ ከመነሻው ለዓመቱ ዙሮች ሁሉ ይፈረም፤ ቅጂው ስሙ ከታወቀ አንድ መምህር ዘንድ ይቀመጥ፤ የሁለተኛው ዙር ቀን የፈተና ሳምንትን አልፎ ስምምነቱ ላይ ይጻፍ።

ጥድፊያውም ጎድቶናል። ጥርሱ በጎዝ ተጠርጎ ቫርኒሹ በስሱ ይቀባል፤ የወተት ጥርስ ብቻ ላለው ልጅ 0.25 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ሲበዛ ይንጠባጠባል፣ ልጁም ይተፋዋል። አንዳንዱ ቫርኒሽ ጥርስን ለጊዜው ቢጫ ያደርጋል። ይህን ለወላጅ አስቀድሞ ያልነገረ ቡድን "የልጄን ጥርስ አበላሻችሁ" ይባላል፣ በሚቀጥለው ዙርም ፈቃድ አያገኝም። በዚያን ዕለት ትኩስና ጠንካራ ምግብ እንዳይበላ፣ ማታም እንዳይቦረሽ በወረቀት ተጽፎ ከልጁ ጋር ይሂድ። የመንጋጋ ጥርስን ስንጥቅ የሚደፍነው ሲላንትም እንዲሁ ነው፤ ጥርሱ ከተዘጋጀ በኋላ ምራቅ ከነካው አይይዝም፣ ብቻውን የሚሠራ ባለሙያም ምራቁን መቆጣጠር ይቸግረዋል። ጥንድ ሆናችሁ ሥሩ የምለው ለዚህ ነው። ድዱ መግል የቋጠረ ልጅ ሲገኝስ? የሚቀበለው ክሊኒክ አስቀድሞ ካልተስማማ ለእናቱ የምንሰጣት የምርመራ ወረቀት ብቻ ነው። ያሳዝናል።

"ትምህርት ቤት መዞር የእኛ ሥራ አይደለም" የሚሉ አባላት አሉ። ሙያችን የተወለደው እዚያው ነው። የጥርስ ሐኪሙ ዶክተር አልፍሬድ ፎንስ እ.ኤ.አ. በ1913 በአሜሪካ፣ በብሪጅፖርት፣ ኮነቲከት ያስጀመሩት የጥርስ ንጽህና ባለሙያዎች ሥልጠና ምሩቃን የተሰማሩት በከተማዋ ትምህርት ቤቶች ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት በአፍ ውስጥ በሽታ የተያዘው ሕዝብ 3.5 ቢሊዮን ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ጉባኤ ያሳለፈው ውሳኔም ከማከም ወደ መከላከል እንድንዞር ይጠይቃል። መከላከል ደግሞ የዕለት ተዕለት እንጀራችን ነው። ወንበራችን ላይ ተቀምጠን የምንጠብቀው ሕመምተኛ ከዚህ ቁጥር ስንቱን ይሆናል?

ገንዘቡም ያው ችግር አለበት። ለጋሾች ለመክፈቻው ቀን ዕቃ ይሰጣሉ፣ ለሁለተኛው ዙር መጓጓዣ ግን በጀት የለም። ከእንግዲህ የሁለቱም ዙር ወጪ ያልተካተተበትን ስምምነት አልፈርምም። ለሁለተኛው ዙር የሚቀመጠው ቫርኒሽም የማብቂያ ቀኑ ታይቶ ይረከብ።

ዛሬ ያልተገኛችሁ፣ በተለይ ለሁለተኛው ዙር ስማችሁን አስመዝግባችሁ የቀራችሁ አባላት፣ ጓደኞቻችሁ ይህን ያድርሱላችሁ። ልጆቹ እጃቸውን ታጥበው ተሰልፈው ጠብቀዋችኋል። የማይመቻችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩን፣ ተተኪ እንመድባለን።

የአቆጣጠሩ ጉዳይ ከሰዓት በፊት ለድምፅ ይቀርባል። የምዝገባ ወረቀቱ በር ላይ ነው፤ ከስማችሁ አጠገብ ሁለቱንም ቀኖች ጻፉ።